ለአባቴ ምንሽር የመረጥነው መነጽር

አባቴ በአካባቢው የታወቀ ተኳሽ ነው። ከሮቢት በታች ባለው ሜዳ ከርከሮ ማሽላ ማጥፋት ሲጀምር ገበሬው መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ቤት ነበር። ቀበሌው የፈቀደለት አንድ አሮጌ ምንሽር አለው፤ በልጅነቴ በእሱ ሲተኩስ ሁለተኛ ጥይት ሲያጎርስ አይቼ አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳተ። ለእኔ አልነገረኝም። ቆቦ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቤተሰብ ልጠይቅ ስመጣ ምንሽሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል።

«አባ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አፈሙዙ ላይ ያለችውን ጫፍ ሳይ ከርከሮው ይጠፋኛል፤ ከርከሮውን ሳይ ጫፏ ትጠፋኛለች» አለኝ።

ዐይኑ በዕድሜ የቅርቡንና የሩቁን አንድ ላይ መያዝ ተስኖት ነው። ምንሽሩ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ቢገጠምለት በውስጡ ያለው መስቀለኛ መስመርና አውሬው እኩል ጠርተው እንደሚታዩት አስረዳሁት። ደስ አላለውም። «መነጽር የሰነፍ ነው» ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ሐሳቡን ያስቀየረው በአፋር በኩል ለአደን የሚመጡ እንግዶችን ሲመራ የኖረ ወዳጁ ነው። እንግዶቹ የተዉለትን ሁለት መነጽር በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና «አንዱን ምረጥ» አለው። አንደኛው ተራ መስቀል ነው፤ መስመሮቹ ከዳር ወፍራም ሆነው መሐል ላይ ይቀጥናሉ። ሁለተኛው ቀጭን መስቀል ሲሆን፣ ከሥሩ ለተለያየ ርቀት የተሠሩ ትንንሽ ጭረቶች አሉት፤ ቀለበቱን ሲያዞሩት ደግሞ የሚታየውን ያጎላል፣ ያሳንሳል። እኔ ወዲያው ባለ ጭረቱን መረጥኩ። ጥይት እየራቀ በሄደ ቁጥር ዝቅ እንደሚል ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምሥለው ነገር እዚያ መስታወት ውስጥ ተሠርቶ አገኘሁት።

«እንሞክራቸዋ» አለ አባቴ።

የቆቦ ብረት ሠራተኛ ለሁለቱም የሚሆን መያዣ ሠራልን። ከጦርነቱ ወዲህ ሰው የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ስለሚደነግጥ፣ ለቀበሌው አሳውቀን፣ ዋዜማውን ቤት ለቤት እየዞርን ነገ ጠዋት የምንተኩሰው እኛ ነን ብለን ተናገርን። በማግስቱ ገደሉን ከኋላ አድርገን ካርቶን አቆምን። በሃምሳ፣ በመቶ፣ በመቶ ሃምሳና በሁለት መቶ እርምጃ ለካሁ።

ባለ ጭረቱ በሙሉ ጉልበቱ ሲያጎላ ግሩም ነበር። አባቴ ሁለተኛዋን ጭረት ይዞ በሁለት መቶ እርምጃ ካርቶኑን መሐሉን በሳው። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ዙሪያውን ለማየት ቀለበቱን አሳንሶ፣ ያችኑ ጭረት ይዞ ተኮሰ፤ ጥይቷ ከካርቶኑ በላይ አልፋ ገደሉን መታች። ምስሉ ሲያንስ ጭረቶቹ አብረው ስለማያንሱ የሚያሳዩት ርቀት እንደሚለወጥ ነገርኩት።

«ታዲያ እኔ እስካሰላ ከርከሮው ቆሞ ይጠብቀኛል?» አለኝ።

በተራው መስቀል ከሃምሳ እስከ መቶ ሃምሳ እርምጃ መሐሉን ይዞ ቢተኩስ ልዩነቱ ከሁለት ጣት አይበልጥም ነበር። በሁለት መቶ እርምጃ ደግሞ አራት ጣት ከፍ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። ሌላም ነገር አሳየኝ። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ማሳው ዳር ወስዶ በሁለቱም ወደ ማሽላው አሳየኝ። ቀጭኑ መስቀል ጥቁሩ ማሽላ ውስጥ ጠፋብኝ፤ ወፍራሙ ግን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከርከሮ የሚመጣው በዚያ ሰዓት ነው። ባለ ጭረቱን ለወዳጁ መለስንለት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ከርከሮ የጎረቤታችንን ጭን በጥርሱ ሰነጠቀው፤ ጎረቤታችን በባጃጅ ሐኪም ቤት ተወሰደ። በማግስቱ ሱብሂ ተሰግዶ እንዳበቃ አባቴ ማሳው ዳር ያለው የጥበቃ ማማ ላይ ወጣ። እኔና ሦስት ገበሬዎች ከሥር ቆምን። ከርከሮው ወንዙ ዳር ብቅ አለ፤ ሦስት መቶ እርምጃ ይሆናል።

«በለው እንጂ፣ ሊገባ ነው» አለ አንዱ ገበሬ በሹክሹክታ።

«ርቋል» አለ አባቴ። «አቁስዬ ሰው ላይ አልሰደውም።» ጣቱን ከቃታው ላይ አነሣ።

ከርከሮው ማሽላው ውስጥ ገባ። በለው ያለው ገበሬ ፊቱን አዞረ፤ ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔ ከሥር ሆኜ የአባቴን እጅ እያየሁ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። ማሽላው እየተሰበረ ወደ እኛ ሲቀርብ ይሰማናል። በመጨረሻ አውሬው እኛ ባለንበት በኩል ባለው ባዶ ቦታ ወጣና ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። አባቴ አንድ ጥይት ተኮሰ። ከርከሮው ባለበት ወደቀ።

«አልሐምዱሊላህ» አለና ቀስ ብሎ ከማማው ወረደ።

ቅድም ፊቱን ያዞረው ገበሬ መጥቶ ትከሻውን ሳመውና ምንሽሩን አገላብጦ እያየ፣ «ይህን መነጽር ማን መረጠልህ?» ሲል ጠየቀው።

«ልጄ ናት» አለ አባቴ። «ፊዚክስ አስተማሪ ናት።»

እኔ የመረጥኩት ሌላኛውን እንደነበር ልናገር አፌን ከፈትኩ። አባቴ ግን ያንን ቃል ሲናገር ደረቱን ነፍቶ፣ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ሦስቱም ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ። ዝም አልኩ፤ እኔም ቀና ብዬ ቆምኩ። ከዚያ አካፋ ይዘን ከርከሮውን ልንቀብር ሄድን።