የጎረቤቴ የታጠረ ተረተር

ባሌ ከቅዳሴ ሲመለስ የጎረቤታችንን ላም ሳያይ አያልፍም ነበር። «ዛሬም ጠግባ ታመሰኳለች» ይለኛል፣ ጋቢውን እያወለቀ። ለእኔ ይህ ቃል ስድብ ነበር። የእኛ አስራ አንድ ከብት የካቲት ሳይወጣ ጎድናቸው ይቆጠራል። የእሷ አንዲት ላም ግን እስከ ግንቦት ትታለባለች።

ቤታችን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ባሌ ከሚቀድስበት ደብር ሥር ነው። ጎረቤቴ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ባሏ የሞተባት ገና ሳትጠግበው ነው። ከእሱ የቀራት ከምንጩ በላይ ያለው ድንጋያማ ተረተርና አንዲት ጊደር ብቻ ነበር። እረኛ ስለሌላት ጊደሯን ደጇ ላይ አሰረቻት፤ ተረተሩንም በእሾህ አጥራ ከብት ከለከለች። ሰው ሁሉ ሳቀባት። እኔ ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ፤ «ላም እንደ ሙሽራ ቤት ተቀምጣ ትቀለባለች» እያልኩ ውሃ ለሚቀዱት ሴቶች አወራሁ።

በሁለተኛው ክረምት ሳሩ ከጉልበት አለፈ። ከፊሉን ዘሩ እንዲረግፍ ትተወዋለች፤ የቀረውን በማጭድ አጭዳ ትከምራለች። እኛ ማሳ ላይ ትተን ከብት የሚረጋግጠውን የማሽላ አገዳ ለምና ትሰበስብና ከትፋ፣ አሞሌ ጨው የሟሟበት ውሃ ታርከፈክፍበታለች። የጠላ አተላ እንኳ አትደፋም። ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ሳሩ የክረምቱን ዝናብ ወደ መሬት ስላሰረገው፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ የሚነጥፈው ምንጭ በዚያ ዓመት ግንቦትንም ዘለቀ። እንስራዬን አዝዬ ከእሷ ተረተር ሥር ስቀዳ፣ ውሃው የጋራችን ቢሆንም የእሷን ቸርነት የምቀዳ መሰለኝ።

አንድ ቀን ባሌ «እንደ እሷ ብናደርግ ምን ይለናል?» አለኝ።

«እሷን አግብተው ቢሆን ኖሮ ይሻልዎት ነበር» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ዳዊቱን ገለጠ።

ሚያዝያ ላይ እሷ ገበያ በወረደችበት ጧት እሾሁን በባላ ገፍቼ ከብቶቼን አስገባሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሲግጡ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን የሳር ነጨታ ድምፅ እየሰማሁ፣ ይኸው የእኔም ጠገቡ አልኩ። ቀትር ሲሆን ግን ተረተሩ ሌላ ሆነ። ጎርፍ እንዲያቆምላት በእጇ የደረደረችው ድንጋይ ተንዷል፤ ሳሩ ከነሥሩ ተነቅሏል፤ አፈሩ አቧራ ሆኗል።

ከብቶቹን ሳላወጣ ደረሰች። የገዛችውን ጨው እንዳዘለች ቆመች። ትሰድበኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

«እቴቴ፣ ቢቸግርዎ ለምን አልነገሩኝም?» አለች። «አጭጄ እሰጥዎ ነበር። ሳሩስ ቢበላ ይበቅላል፤ እኔን የሚጎዳኝ ኮቴው ነው።»

ከብቶቹን እየነዳሁ ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋትም።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የተረገጠው አፈር ተጠርጎ ምንጩን ሞላው። ሴቶቹ ጭቃ እየቀዱ ተመለሱ። ማን እንዳደረገው ለመጠየቅ የፈለገ አልነበረም፤ የከብቶቼን ዱካ አይተውት ነበር። ባሌ ስለ ነገሩ ያን ጊዜ ብቻ ተናገረኝ። «ሄደሽ በእጅሽ መልሺው» አለ።

ክረምቱን ድንጋይ ተሸከምኩላት። እሷ ትደረድራለች፤ እኔ አቀብላለሁ። ይቅርታዬንም እዚያው፣ ሁለታችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን ጠየቅኋት። «ተዉት፣ እቴቴ፤ ያንን ይያዙልኝ» ብላ ድንጋይ አሳየችኝ። በመኸሩ ስድስቱን ከብት በእህል ለወጥንና የቀሩትን አስረን መቀለብ ጀመርን። የራሴን አገዳ ስከትፍ እጄ ይላጥ ነበር። ላሜ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሚያዝያ ስትታለብ ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም፤ የእሷስ ስንት ቅል ወተት ሰጠች ብዬ በአጥሩ አጮለቅሁ።

በስልሳዎቹ አጋማሽ ዝናቡ ሲቀር በዙሪያችን ካሉት ከዝቋላም ከፃግብጂም ሰው ከነከብቱ እየተሰደደ በደጃችን አለፈ። እኛ ለከብቱ አድርቀን የከመርነው ሳር፣ ድርቆሹ፣ ቀድሞ አለቀ። የእሷ ክምር ግን ገና ነበር። ሁለት ላሞች ቀርተውን ሳሉ አንድ ጧት ሸክም ድርቆሽ በጀርባዋ አዝላ መጣች፤ በማግስቱም መጣች። ተቀብዬ መረቅኋት፤ ላሞቹም ከሞት ተረፉ። ምርቃቴ ከልቤ ነበር። ሆኖም ጎንበስ ብላ በበራችን ስትወጣ፣ ባሌ ከመደቡ ተነሥቶ እስከ ደጅ ሲሸኛት አየሁና፣ ያን ሁሉ ዓመት የማውቀው እሳት እንደገና ደረቴ ውስጥ ተያያዘ።