የአባዬ ስልክና የውድቀት ቃላት

ጽሑፌ ተመረጠ! ከክፍሉ ሁሉ የእኔ! ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ወላጆች ባሉበት በእንግሊዝኛ አነበዋለሁ። ይኼን ሳልነግራችሁ ሌላ ነገር መጀመር አልቻልኩም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን «ስለ ውድቀት ጻፉ» ብላን ነበር። ልጆቹ በሙሉ ስለ ኳስ ጻፉ። እኔ ስለ ስልኬ። ስልኩን የሰጠኝ አባዬ ነው፤ ቋንቋውን በእንግሊዝኛ እንዳደረገው አለ፣ አልነካሁትም።

እኛ ጋ ተማሪም ይወድቃል፣ መንግሥትም ይወድቃል፣ ቪዛ የተከለከለውንም «ወደቀ» እንለዋለን። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ስልኬ «ሚስድ ኮል» ሲል ሰው ፈልጎኝ ያልተገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይኼኛውስ ደስ ይላል። «ኖ አንሰር» ሲል እዚያ ማዶ ጠርቷል፣ ያነሳ የለም። «ኮል ፌይልድ» ሲል ደግሞ ጥሪው ራሱ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ቀረ።

ልዩነቱን ከመዝገበ ቃላት አልተማርኩትም። አባዬ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ጭነት ይዞ ወደ ወሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። መጀመሪያ ሰሞን «ኖ አንሰር» ነበር፤ አሁን ሁልጊዜ «ኮል ፌይልድ»። ኔትወርክ ተዘግቷል ይላሉ። ስለ መንገዱም ሌላ ሌላ ነገር ይላሉ፤ እኔ ስገባ ግን እማዬ ወሬውን ትቀይራለች።

እኔና እማዬ ከአገር የወጣን ማታ አባዬ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመስታወቱ ወዲያ ነው የቀረው። ለሦስታችን አመልክተን የእሱን ቪዛ ከለከሉት። እማዬ ስታለቅስ ጊዜ «እኔ እኮ አልወደቅሁም፣ ከለከሉኝ እንጂ። የወደቀ ሰው እንዲህ ይቆማል?» ብሎ ደረቱን ነፋ። እየሳቅን ተለያየን። «ሪጄክትድ» የሚለው ቃል እዚያው ነው የገባኝ፤ ሌላ ሰው ሲገፋህ ማለት ነው።

እዚህ ሮማ፣ ክዌስቱራ የሚሉት ፖሊስ መምሪያ ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ አሻራ ልንሰጥ ስንሄድ ፖሊሱ «አሎራ፣ አባትየው የታለ?» አለ።

«ቪዛ ከለከላችሁታ!» አለች እማዬ በተሰባበረ ጣልያንኛዋ።

«እኔ? እኔ እኮ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፣ ሲኞራ» አለና አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ ጫን አደረገው።

የምንኖረው ፒኜቶ ሰፈር ነው። ትራሙ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቻችን ይንቀጠቀጣሉ። ዝናቡ እንደ ሐምሌ ዝናብ ጮኾ ጮኾ አይወጣለትም፤ ዝም ብሎ ሲንጠባጠብ ይውላል፣ ሆዴን ያባባዋል።

የምሥራቹን ስነግራት እማዬ ጥብቅ አድርጋ ሳመችኝ፤ ወዲያው ግን ስልኩን አየችው። ደስታዬ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ለእትዬ ለተብርሃን ደወልኩላቸው። የአሥመራ ሰው ናቸው፣ አዲስ አበባ የተማሩ፤ እንደ እማዬ የጣልያን አሮጊት ይጦራሉ።

በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ የበሩ ደወል ጮኸ። እማዬ በመስኮት አየች። እትዬ ለተብርሃን ከሁለት ሴቶች ጋር ቆመዋል። ሦስቱም ነጠላ ለብሰው፣ ካፖርት ደርበው፣ አንገታቸውን ደፍተው።

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ወዳጅ ተሰብስቦ በጠዋት ያንኳኳል።

የእማዬ ፊት አመድ መሰለ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደረጃውን ሲወጡ ኮቴያቸው ይሰማል፤ አንድም የሚያወራ የለም። ሲገቡ እማዬ መሬት ላይ ዘጭ ብላለች።

«ንገሩኝ! አትደብቁኝ! የት ላይ ነው?»

እትዬ ለተብርሃን ክው አሉ። «ምኑን ነው የምንነግርሽ?»

«ባሌን!»

«በስመ አብ! እኛ ልጅቷን እንኳን ደስ ያለሽ ልንላት ነው የመጣነው!» ኮርኔቶ የሚሉትን ጣፋጭ ዳቦ የያዘ ከረጢት ከፍ አድርገው አሳዩ። «አሮጊቶቻችን ሳይነቁ እንድረስ ብለን እኮ ነው።»

«ታዲያ አንገታችሁን ምን አስደፋችሁ?»

«ብርዱ ነዋ!»

«ነጠላውስ?»

«ዛሬ ሚካኤል አይደል እንዴ? ደግሞ ጥለቱን አታይም? አዘቅዝቀነዋል?»

«ካፖርት ደርባችሁበት በምን ዓይኔ ልየው!»

ከዚያ አንደኛዋ ሳቋ አመለጣት፣ ሁላችንም ተከተልናት። እማዬም ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን እንባዋ አላለቀም።

ሊወጡ ሲሉ እትዬ ለተብርሃን ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ከአባትሽ ምንም የለም?»

«ፌይልድ ነው የሚለው።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ጥሪው አልደረሰውም ማለት ነው። ጠርቶ አላነሳም ማለት አይደለም።»

«ይቺን ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ።

ነገርኳት። ኮርኔቶውን ሳትበላ ሳህኑ ላይ መለሰችው። «እንግዲያው እንደምንፈልገው አያውቅም ማለት ነው። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እንደገና ደውዪ።»

ደወልኩ። ፌይልድ።

ጽሑፌ ውስጥ ሆን ብዬ የተውኩት አንድ ቃል አለ፤ «ጊቭ አፕ»፣ ተስፋ መቁረጥ። ከውድቀት ቃላቱ ሁሉ ሰው በገዛ እጁ የሚያደርገው እሱን ብቻ ነው። እኛ ቤት ስላልገባ አልጻፍኩትም።

እና ዓርብ ኑልኝ! ሮማ ያላችሁ ሁሉ ተጠርታችኋል፤ እንግሊዝኛ ባይገባችሁም አጨብጭቡ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ወሎ መንገድ ላይ ደረቱን የሚነፋ የአይሱዙ ሾፌር ካገኛችሁ እሱንም ጥሩልኝ። ቤታችንም ኑ፣ እማዬ ሰው ትወዳለች። ብቻ እባካችሁ፣ በጠዋት ተሰብስባችሁ አትምጡ። ከሰዓት፣ አንድ አንድ እያላችሁ፣ ገና ከደረጃው ሥር እየሳቃችሁ ኑ።