ጉርሻ ለዳማው

ፈረስ አውቃለሁ ብዬ ነው ሥራውን ያገኘሁት። ውሸት አልነበረም። የተወለድኩት አዊ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው ገበያ የሚሄደው፣ ሙሽራ የሚያመጣው፣ ለቅሶ የሚደርሰው በፈረስ ነው። እኔም ፊደል ከመቁጠሬ በፊት ያለ ኮርቻ መጋለብ ችያለሁ። ካምፓላ በስደት ገብቼ ኪቡሊ ሰፈር አንድ የጅማ ሰው ሱቅ ውስጥ ስምንት ወር ስኳርና ሩዝ ስመዝን ቆየሁ። ከዚያ ሙንዮንዮ፣ ሐይቁ ዳር፣ ፈረስ ያላቸው ሴትዮ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ነጋሪው ወሬውን ሳይጨርስ ተነሳሁ።

እኛ አገር ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ፣ የዚያው አገር ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ስድስት ፈረሶች ትተውላቸዋል። እሳቸው ፈረስ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ግን የባላቸውን ነገር ለሰው አሳልፎ መስጠት አልሆነላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማ ልጆች እየመጡ ይጋልባሉ፣ በቀረው ቀን ፈረሶቹና እኔ ብቻችንን ነን። «ኛቦ» እላቸው ነበር፤ በሉጋንዳ እመቤቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ሲደሰቱብኝ «ሴቦ» ይሉኛል፣ ጌታው ማለታቸው ነው። ሲቆጡ ምንም ብለው አይጠሩኝም።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር አለ፣ የዝሆን ሣር የሚሉት፤ ሳጭደው ክንዴን ይሸረክተኛል። መዥገር መልቀም አለ፤ ከጆሮ ውስጥ፣ ከጭራ ሥር፣ ከብብት። ዝናቡ ሲበረታ ቀዩ ጭቃ ኮቴያቸውን ያበሰብሰዋል፤ ሃያ አራት ኮቴ በየቀኑ እያነሱ መጥረግ ወገብ ይቆርጣል። ደስታም ነበረው። ጠዋት በሩን ስከፍት ስድስቱም ባንድ ጊዜ ሲያሽካኩ፣ በዚያ ከተማ የእኔን መምጣት በጉጉት የሚጠብቅ ፍጡር እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህ ለስደተኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ፋንድያውንም በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ ወደ ቤት እወስዳለሁ፤ ባለቤቴ ከኪራይ ክፍላችን ጀርባ ጎመን ተክላበት ነበር። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ፈረስ የምታውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው፣ ያንንም ከመንገዱ ማዶ ሆና። ከፈረስ የምፈልገው ፋንድያውን ብቻ ነው ትለኝ ነበር።

ከስድስቱ የምወደው ዳማውን፣ ቡናማውን ፈረስ ነው። ዕድሜው ከሃያ ያለፈ፣ ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ፤ ልጆች ሲወጡበት ከእነሱ ይልቅ እሱ የሚጠነቀቅ። መዥገር ስለቅምለት ዓይኑን ጨፍኖ ያንቀላፋል። በትልቁ ዝናብ ማብቂያ ላይ ይህ ፈረስ መክሳት ጀመረ። ሣሩን ይጎርሳል፣ ትንሽ ያላምጣል፣ ከዚያ የታኘከውን ድቡልቡል አድርጎ ይተፋዋል። በሳምንቱ የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። አፉን ከፍቼ ባየው ላንቃው ከፊት ጥርሶቹ ኋላ አብጧል። በቃ፣ አወቅሁት። እኛ አገር ፈረስ መብላት ሲያቆም መጀመሪያ የሚታየው ላንቃ ነው፤ ካበጠ ይበጣል፣ መጥፎው ደም ይወጣል፣ ፈረሱ ይበላል። አባቴ ሲበጣ ገመድ የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

ለኛቦ አልነገርኳቸውም። ሐኪም ልጥራ ይላሉ፣ ሐኪሙ ፈረስ አዋቂ የሚለውን ስሜን ይወስድብኛል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጠዋት ዳማውን ከዛፍ ጋር አሰርኩ፣ የላይኛውን ከንፈሩን በገመድ ጠመዘዝኩ፣ በአዲስ ምላጭ ላንቃውን ሦስት ቦታ በጣሁት፣ ጨውና ሎሚ አሸሁበት። ተንቀጠቀጠ እንጂ አልረገጠኝም። ያመነኝ ስለነበር ነው፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ያመኛል። ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ፣ እያፏጨሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

በማግስቱ ጭራሽ መብላት አቆመ። መትፋቱም ቀረ፣ መጉረሱም ቀረ። ስጠጋው ግንባሩን የጋጣው ጥግ ላይ ደፍቶ ቂጡን አዞረብኝ። ኛቦ መጥተው ከንፈሩ ላይ የደረቀውን ደም አዩ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ምንም ብለው ሳይጠሩኝ ዞረው ወደ ስልካቸው ሄዱ።

ሐኪሙ ሐሙስ ከሰዓት በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት መጣ፤ ወጣት፣ ትሁት ሰው ነው። በብረት መክፈቻ የፈረሱን አፍ ከፍቶ ባትሪ አበራበትና፣ ምንም ሳይቆጣ፣ «እጅህን አስገባ» አለኝ። አስገባሁ። ኋላ ያለው የመንጋጋ ጥርስ ጠርዙ ሹል ሆኖ አድጓል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ቆረጠኝ። ባኘከ ቁጥር ጉንጩን ሲሸነትረው ኖሯል። «የላንቃው እብጠት በሽታ አይደለም፤ ብዙ ፈረስ ላይ አለ» አለኝ። ከዚያ ረጅም ሞረድ አውጥቶ ጥርሱን ሞረደለት።

እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። አባቴ የበጣቸውን ፈረሶች በሐሳቤ እየቆጠርኩ ነበር። የተሻላቸው አሉ፤ ሳንነካቸውም ይሻላቸው እንደነበር ማን ያውቃል? ከሁሉም የመጣብኝ ያቺ አምባላይ፣ ነጭ ባዝራችን ናት። ከተበጣች በኋላ እህል ሳትቀምስ ሞተች፤ እናቴም በዋዜማው ባዝራዋን ያደነቀችውን ጎረቤታችንን በዓይኗ በላቻት ብላ ለዓመታት ሰላም ነሳቻት። ያቺ ሴት ምንም አላደረገችም። ባዝራዋን የገደልናት እኛው ነን።

ሐኪሙ ዕቃውን ሲሰበስብ ለኛቦ ነገራቸው፣ እኔም ሰማሁ። ጥርሱ ተስተካክሏል፤ ግን ሽማግሌ ነው፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ አፉ ቆስሏል። ከሁሉ የከፋው ሰው ወደ አፉ እንዲቀርብ አይፈልግም። እስከ እሁድ ከሰዓት በራሱ ፈቃድ ካልበላ ማሰቃየት ነውና የሚያሳርፈውን መርፌ ይዞ ይመጣል። ኛቦ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። «የቆረጥከው አንተ ነህ፤ አንተው ከጎኑ ሁን» ብለውኝ ሄዱ። ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብን ሙሉ ያልሞከርኩት የለም። ለጋ ሣር፣ ካሮት፣ የበቆሎ ፉርሽካ። ለመንኩት፣ ይቅርታ ጠየቅሁት፣ በመጨረሻም ተቆጣሁት። እጄን ባየ ቁጥር ጭንቅላቱን ይሰቅላል፣ ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ውኃ እንኳ የሚጠጣው እኔ ስርቅ ነው። ቤት ስገባ ለባለቤቴ አልነገርኳትም። አፍሬ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ጋላቢዎቹ ልጆች ከሄዱ በኋላ፣ ባለቤቴ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ከዚያ ቀን በፊት ከአጥሩ በር አልፋ አታውቅም። ማታ እህል አልወርድ ሲለኝ አይታ ኖሮ፣ ምን እንደያዘኝ ልታጣራ ነው የመጣችው። ባልዲ ገልብጬ ተቀምጫለሁ፣ ፊት ለፊቴ የፉርሽካ ሳፋ፣ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ የሚያይ ፈረስ። ሁሉንም ነገርኳት። ይሞታል አልኳት።

ሳፋውን አየችው። «ይሄ ምንድነው?»

«ፉርሽካ ነዋ።»

«ደረቁን? አፉ ለቆሰለ ሽማግሌ? አንተን አሞህ ደረቅ ነገር ሰጥቼህ አውቃለሁ?»

ወደ ኛቦ ወጥ ቤት ሄዳ ሙቅ ውኃና አንድ ዘለላ የበሰለ ትናንሽ ሙዝ ይዛ መጣች። ፉርሽካውን አራሰችው፣ ሙዙን በእጇ እየደቆሰች ለወሰችው፣ በጣቷ ቀመሰችው። ከዚያ ጋጣው በር ላይ ደርሳ ቆመች። ሳፋውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ልግባ አብሬሽ» አልኳት።

«አንተማ ሂድልኝ። ምላጭ የያዝክበትን እጅ እያየ እንዴት ይበላል? ከግድግዳው ወዲያ ሁን።»

ሄድኩ። ከጋጣው ጀርባ የጣውላውን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። የማየው ነገር የለም፤ የምሰማው እሷን ብቻ ነው።

«እንደምን ዋሉ አባቴ» አለችው። ሽማግሌን አንተ ማለት ነውር ነው ብላ ይመስለኛል፣ ፈረሱን አንቱ አለችው! በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። «እኔም ፈርቻለሁ፣ እርስዎም ፈርተዋል። አይንከሱኝ፣ እኔም አልነካዎትም። እስቲ ያሽትቱት።» ኮቴ ጭቃ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። «ኧረ በሞቴ! አንዲት ጉርሻ። አፈር ስሆን!»

እንግዳ ጠገብኩ ሲል እንደምትለማመጠው ነው የምትለማመጠው። ቤታችን የገባ ሰው ከእሷ እጅ ሳይጎርስ ወጥቶ አያውቅም፤ እምቢ ያለውን እጇን አፉ ላይ ይዛ ትጠብቀዋለች፣ እስኪያፍር። አሁንም ስንት ጊዜ በሞቴ እንዳለች አላውቅም። ክንዷ ዝሎ እንደሆነ ከድምፅዋ ይታወቃል፤ አላወረደችውም። እኔ ግንባሬን ጣውላው ላይ አድርጌ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እያደባለቅሁ ነበር።

ከዚያ፣ «ውይ!» አለች፣ በቀጭኑ። ነከሳት ብዬ ዘልዬ ልገባ ስል ሰማሁት። ቀስ ያለ፣ እርጥብ ማላመጥ። ቆመ። እንደገና ጀመረ። ተዋጠ።

«ጎሽ የኔ ጌታ» አለች እያለቀሰች። «ሁለተኛዋን ደግሞ።»

በዚያ ከሰዓት ሳፋው ግማሽ ድረስ ጎደለ፤ ሁሉም ከእጇ ነው፣ እፍኝ በእፍኝ። እሁድ ሐኪሙ ሲደርስ ዳማው ሙዝ የነካውን ክንዷን እስከ ክርኗ ይልስ ነበር። ሐኪሙ ቦርሳውን ሳይከፍት ቆሞ አያቸው። ኛቦ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው፣ «ይህችን ልጅ እስከዛሬ የት ደብቀሃት ነው፣ ሴቦ?» አሉኝ። ከሰኞ ጀምሮ እሷም ተቀጠረች።

ዳማው እየወፈረ ሄደ፣ ለእኔ ግን አልተመለሰም። በኋላ እግሩ በኩል ስመጣ ዝም ይላል፤ ወደ ፊቱ ስዞር ይሸሻል። እኔ እየታየሁት አይበላም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እሷ ስታጎርሰው እኔ ከጣውላው ወዲያ ቆሜ ሲያላምጥ እሰማለሁ። ሥራ እንዳለኝ ለማስመሰል መጥረጊያ እይዝ ነበር። ሌላ ዝናብ መጥቶ እስኪሄድ እንዲህ ቆየን። ይገባኛል አልኩ፤ አልከፋኝም ማለት ግን አልችልም፣ ከፍቶኛል።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ከውስጥ ጠራችኝ። «ና እስቲ። ቀስ ብለህ።»

በሩ ላይ ቆምኩ። ዳማው አፉን ሳፋው ውስጥ እንዳደረገ አየኝና ማላመጡን አቆመ። ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ። ልመለስ ስል እሷ በዓይኗ ከለከለችኝ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ ምንም እንዳልያዝኩ ሳይሆን እንደማልዘረጋ እንዲያውቅልኝ። ብዙ ቆየን፤ ሐይቁ ላይ የአሣ አጥማጆች ሞተር ሲነሳ፣ ሲርቅ ሰማሁ። ከዚያ ፈረሱ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና፣ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ፣ ማላመጡን ቀጠለ። እስኪጨርስ ድረስ እጄን እንዳጣመርኩ ቆሜ አየሁት።