እንቁራሪቶቹ ዝም ሲሉ

የሺ ልጅ ሳለች እነሱ ቤት እንግዳ ሳይጣራ ይታወቅ ነበር።

ከጉብሬ አለፍ ብሎ ባለው መንደራቸው፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ የሚተያዩበት ሰፊው የሣር ጎዳና፣ ጀፎሮው፣ ቁልቁል ወርዶ የሚያልቀው አንዲት ምንጭ ላይ ነበር። የምንጯ ውሃ ከእነየሺ ግቢ በታች ይተኛና ረግረግ ይሆናል፤ ቄጠማ ያበቅላል። በክረምት ገና ጀምበር ስታዘቀዝቅ አንድ እንቁራሪት ይጣራል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ወዲያው መንደሩ በሙሉ በእነሱ ጩኸት ይሞላል። ታዲያ በረግረጉ ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ሰው ብቅ ካለ ሁሉም በአንዴ ጸጥ ይላሉ። ያኔ አባቷ እጁን ከገበታው ሳያነሳ፣ "ሰው መጣ፤ ቦታ ልቀቁ" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

የሺና ታላቅ ወንድሟ ካሳሁን ከዚህ ነገር ጨዋታ ፈጥረው ነበር። ሲመሻሽ ወርደው ቄጠማው ውስጥ ይቆማሉ። እንቁራሪቶቹ ዝም ይላሉ። ቀድሞ የተነቃነቀ ተሸናፊ ነው። ዛፍ መስሎ መቆም የቻለውን ግን እንቁራሪቶቹ ይረሱትና እግሩ ሥር ሆነው እንደገና ይጀምራሉ። የሺ አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። ወይ ትንኝ ይነክሳታል፣ ወይ ሳቅ ያመልጣታል። ካሳሁን ግን ይቆማል። አንድ ምሽት አብሪ ትል ጆሮው ላይ ዐርፎ ብልጭ ድርግም ሲል እሷ በሳቅ ፈንድታ ውሃው ውስጥ ስትቀመጥ እሱ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ከዚያ ለጋ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አብሪ ትሎቹን ይከቱበታል። ቅጠሉ ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ራስጌያቸው አስቀምጠው ሊተኙ ሲሉ እናታቸው ትመጣና፣ "ልቀቋቸው፤ እነሱንም እናታቸው ትጠብቃቸዋለች" ትላለች። ይለቋቸዋል።

አሁን የሺ ሃምሳን አልፋለች። ወልቂጤ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ያላት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ካሳሁን ቡታጅራ ገብቶ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ሆኗል። አባታቸው ካረፈ በኋላ አንድ መስቀል ላይ ነው ካሳሁን ረግረጉን ቁልቁል አይቶ፣ "ይሄ መሬት ሥራ ፈት ነው" ያለው። ሁሉም ተስማማ። የባሕር ዛፉን ችግኝ ተሸክመው ካወረዱት አንዷ የሺ ነበረች። በዚያ አገር ባሕር ዛፍ ተከልክ ተብሎ የሚወቀስ ሰው የለም። ቤቱም አጥሩም ማገዶውም እሱ ነው።

ዛፎቹ ቀጥ ብለው አደጉ። መጀመሪያ ቄጠማው ሄደ፤ ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ፤ በመጨረሻ ምንጯ። እናታቸው በስተርጅና ጀሪካን ይዛ ሩቅ መሄድ ጀመረች። አንድ በጋ ዳገቱ ላይ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ።

በቀጣዩ መስቀል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከተበላ በኋላ፣ ካሳሁን አዲስ ሻንጣ ይዞ ገባ።

"እማ፣ ከእንግዲህ ቡታጅራ ነው የምትኖሪው" አላት። "ቧንቧው ከደጅሽ ነው። እዚህ ውሃ በሌለበት ምን ትሠሪያለሽ?"

እናቲቱ ሻንጣውን አይታ በእግሯ ገፋ አድርጋ አልጋው ሥር ከተተችው። ማታ የሺ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ "መሄድ ትፈልጊያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"እዚያ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ምኑን ልሰማ? ባጃጁን?"

የሺ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። በማግስቱ ሁሉም ባለበት፣ "ዛፉን እናንሳው። ውሃው ይመለሳል፤ እማም ከቤቷ አትወጣም" አለች።

ካሳሁን ከት ብሎ ሳቀ። "ለእንቁራሪት ተብሎ ጫካ ይመንጠር? ልብስ ሰፊነቱን ትተሽ እንቁራሪት አርቢ ልትሆኚ ነው?"

ቤቱ በሳቅ አውካካ። አንድ ሽማግሌ አጎት ጉሮሮውን ጠረገና ያገባች ሴት በአባቷ መሬት ላይ ቃል እንደሌላት አስታወሳት።

"መሬቱን መቼ ጠየቅሁ?" አለች የሺ። "የጠየቅሁት ውሃውን ነው።"

ካሳሁን እህቱን ትክ ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። "እሺ፣ እስከሚመጣው መስቀል። ውሃ ከሌለ እማ ከእኔ ጋር ትሄዳለች፤ ያኔ አፍሽን አትከፍቺም።"

"አልከፍትም።"

ዛፎቹ ወዲያው ተቆረጡ፤ አጣናው በመኪና ተጭኖ ሄደ። የሺም ነገሩ ያለቀ መሰላት። በጥር ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ጉቶ ዙሪያውን አቆጥቁጦ፣ አንድ ዛፍ የነበረው ቁጥቋጦ ሆኖ ጠበቃት። ጎረቤታቸው ሰልሚያ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታያት ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

"አንቺ የወልቂጤ ሰው" አለቻት፣ "ባሕር ዛፍ ቆርጠሽው ይሞታል እንዴ? ጸጉሩን እኮ ነው የላጨሽው!"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ከነሥሩ ነዋ። ወገብ ካለሽ።"

የሺ ከገበያ ዶማና መጥረቢያ ገዛች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለባት፤ በአዘቦት ስፌት። ቅዳሜን ለጉቶው ሰጠችው። በጠዋት ባጃጅ ይዛ ጉብሬ ትወርድና በእግሯ ትቀጥላለች። ዙሪያውን ትቆፍራለች፣ ሥሩን አንድ በአንድ ትቆርጣለች፣ ትገፋለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ጉቶ እንኳ አልወጣላትም። ሰኞ ስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ መዳፏ ላይ ውሃ የቋጠረው ቁስል ፈንድቶ የአንድ ተማሪ ሸሚዝ ነጭ ኮሌታ ደም ነካው። ኮሌታውን ፈትታ ሌላ ሰፋችለት። ደንበኞቿ ሲያጉረመርሙ፣ "ቅዳሜ የለሁም" ከማለት በቀር ምክንያት አልሰጠችም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰልሚያ የራሷን ዶማ ትከሻዋ ላይ አድርጋ መጣች።

"አንቺን ብዬ እንዳይመስልሽ" አለች። "ምንጯ የእኔም ነበረች። ወላሂ፣ ያንን ጀሪካን ሳየው እንደ ባላንጣ ነው የምጠላው።"

በጋው እንዲህ አለፈ። መንገደኛ ቆሞ ያያቸዋል፤ አንዳንዱ ወርቅ ወጣ ወይ ብሎ ይቀልዳል። ሰልሚያ ለሁሉም መልስ አላት። ክረምቱ ሲገባ የተቆፈረው ጉድጓድ የዝናብ ውሃ ያዘ፤ ነገር ግን ዝናቡ ባባራ ቁጥር ይሰርጋል። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። እናቲቱ ሲመሽ ደጅ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ትቀመጣለች፤ ትንሽ ቆይታ ትገባለች። ሻንጣው አልጋው ሥር ነው።

ካሳሁን ደወለ። "እንቁራሪቶችሽ ደረሱ?"

"መንገድ ላይ ናቸው" አለችና ስልኩን ዘጋች። ድምጿ ግን እንደ ቃሏ አልነበረም።

አንድ ጉቶ ቀርቶ ነበር፤ የምንጯ አፍ ከነበረበት ላይ የበቀለው፣ ከሁሉም የወፈረው። ሁለት ቅዳሜ ታግለውት አልነቃነቅ ብሏል። ሰልሚያ እንኳ፣ "ይሄን እንተወው፤ አንድ ለዘር ይቅር" አለች።

"ይሄ ነው የሚጠጣት" አለች የሺ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሶ፣ ዋናውን ሥር በመጥረቢያ በጠሱት። ሁለቱም ገፉ። ጉቶው አቃስቶ ተገለበጠ፤ ሰልሚያም አብራው ወደቀች። የሺ ልታነሳት ጎንበስ ስትል እግሯን ቅዝቃዜ ነካው። የዝናብ ውሃ አልነበረም። ከሥር፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ፣ ጥርት ያለ ክር መስሎ ይወጣ ነበር። ሰልሚያ እንደተቀመጠች በመዳፏ ጨልፋ ቀመሰችውና እንደገና ጨልፋ ለየሺ ዘረጋችላት።

እንቁራሪት ግን ወዲያው አልመጣም። ውሃው ተኛ፤ ቄጠማው ጫፉን አወጣ። ጳጉሜን ውስጥ አንድ ምሽት አንድ እንቁራሪት ብቻውን ተጣራ። የሚቀበለው አልነበረም። እናቲቱ ግን በዚያ ምሽት ጨለማው እስኪከብድ ድረስ ከበርጩማዋ አልተነሳችም።

የመስቀል ሰሞን የሺ ሱቋን ዘግታ መጣች። ጀምበር ጠልቃ እናትና ልጅ ደጅ ተቀምጠዋል። ረግረጉ በሙሉ ይጮኻል። ከቄጠማው በላይ ጥቂት አብሪ ትሎች፣ እንደ ድሮው ብዙ ያልሆኑ፣ ብልጭ ይላሉ፣ ይጠፋሉ።

ድንገት ጸጥ አለ።

"ሰው መጣ" አለች እናቲቱ።

ጠበቁ። የሚጣራ የለም። የእግር ኮቴም የለም። የሺ ልትነሳ ስትል እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት። "ቆይ።"

ጸጥታው ረዘመ። ከዚያ አንድ እንቁራሪት ተጣራ። ሌላው ተቀበለው። ብዙም ሳይቆይ ረግረጉ እንደገና ሞላ፤ መንገዱ ላይ ሰው እንደሌለ ሁሉ።

"ካሳሁን ነው" አለች እናቲቱ።

"በምን አወቅሽ?"

"እንደሱ የሚቆም ማን አለ?"

የሺ የስልኳን መብራት አላበራችም። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ቄጠማው መሃል ቦርሳ የያዘ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ አየች።

"ጋሼ! በቃ አሸንፈሃል፤ ግባ!"

እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ከጨለማው ውስጥ የካሳሁን ድምፅ መጣ። "ጫማዬን ሞላው እኮ።"

"ምን ሞላው?"

እግሩን ከጭቃው ሲመዝ ተሰማ።

"ውሃ ነዋ! ምን ልበልሽ፣ ውሃ!"

እናቲቱ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። "ግቢና ያንን ሻንጣ ከአልጋው ሥር አውጪለት" አለች ለየሺ፣ "ሲሄድ ባዶውን ይዞት ይመለስ። አሁን ግን ሰው መጥቷል፤ ቦታ ልቀቂለት።"