የሐኪሙ ሞተር በእኔ ቫን

ሚስቴ ተቆጥታ ዛሪማ አባቷ ቤት ከገባች ወዲህ መቀመጥም መተኛትም አልሆነልኝም። አባቷ ቁርጡን ልከውብኛል፤ እስከ እሑድ ሽማግሌ ይዤ ካልደረስኩ ልጃቸውን እንደተፈታች ይቆጥሯታል፣ ሌላ ጠያቂም አላት። የጸቡ ምክንያት ከጎንደር ደባርቅ ሰው የማመላልስባት አሮጌ የጀርመን ቫን ነበረች። «ከማኪናህ ጋር ኑር» ብላኝ ነው የሄደችው። ሽማግሌ የምጭነው ግን በዚችው ነው፤ ሞተሯ ደግሞ ሞቷል።

አንድ ሐኪም አዘዞ ላይ የገለበጣት ትንሽ የጀርመን መኪና ነበረች፤ ሞተሯን ለምኜ ወሰድኩ። የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው፤ ውሃ አይፈልግም፣ ማራገቢያው በሚስበው አየር ይቀዘቅዛል። ይገጥማል አልኩ። ገጠመም፣ ግን በስንት እርግማን! የጭስ መውጫው ማርሚታ አልገናኝ ብሎ ቆርጬ በየድኩት። በሞተሩ ዙሪያ የቀረው ክፍተት ካልተደፈነ ትኩሱ አየር ከታች ተመልሶ ይገባል፤ የዘይት ጣሳ ቀድጄ ደፈንኩት። ስትነሣ ሐሤት አደረግሁ፤ ሆዴ ግን አላመናትም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዕድሜያቸውን በበቅሎ የጨረሱት አጎቴ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ተሳፈሩ። ኮሶዬ ስንደርስ ቁርስ ካልቀመስን አሉ። እኔ እህል አልወርድልህ ብሎኝ ከምግብ ቤቱ ደጅ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። መጨረሻ ላይ አልቻልኩም፣ ቫኗ ውስጥ ገብቼ ጥሩንባዬን ነፋሁ። እየሮጡ ተሳፈሩ።

ዳባትን አለፍ እንዳልን የጥጥ ቃጠሎ ሸተተኝ፤ ሞተሩ አቃሰተና ቀጥ አለ። የኋላውን ክዳን ስከፍት የአጎቴ ጋቢ እላዩ ላይ ተጠምጥሟል፤ ጫፉን ማራገቢያው ጎርሶታል።

«ምነው አያ! ምን አደረጉ?»

«ዳገቱን ወጥታ አልቧት አየሁ» አሉ፤ ዘይት ነበር ያዩት። «ያላባት በቅሎ በኮሶዬ ብርድ ሳትሸፈን ትቆማለች? ትንሽ ትሙቅ ብዬ፣ አንተ ፊትህን ስታዞር ክዳኗን ከፍቼ ሸጋ አድርጌ ሸፈንኋት። ላነሣላት ስል አንተ ጥሩንባህን ነፋህ።»

ደሜ ፈላ። ግን በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ለብረት ያለበሱ ሰው ምን ይባላሉ? መፍቻዬን ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ወዲያው አስመራ የሚሄድ የጭነት መኪና ቆመልንና ሽማግሎቹ ጭነቱ ላይ ወጡ።

«እናንተ ቅደሙ፤ ጋቢውን ላውጣና እደርሳለሁ» አልኩ።

አጎቴ ከላይ ሆነው አዩኝ። «እኛ አማላጅ ነን እንጂ ባል አይደለንም» አሉ።

ትንሽ ጊዜ ባገኝ ትነሣ ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። መፍቻውን ወርውሬ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። ሊማሊሞን ስንወርድ ዓይኔ ወደ ኋላ ነበር።

ዛሪማ ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ካልተሰማለት አይቀመጥም፤ ሦስቱም በረንዳው ሥር ቆሙ፣ አባቷም ተቀመጡ አላሉም። ሚስቴ ከጓዳ ወጣች። ከሽማግሎቹ ኋላ መንገዱን ስታይ ቆየች።

«ማኪናህስ?»

«ከዳባት ወዲህ፣ ሜዳ ላይ።»

«ማን ይጠብቃታል?»

«ማንም።»

እጄ ላይ ያለውን ዘይት አየች፣ ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ፣ ምነው ሽማግሎቹን ያቆሟቸዋል? ይቀመጡ እንጂ።»