አክስቴ ያስጠናችኝ እንግሊዝኛ

ዛሬ ባናውን ፀሐይ ላይ ሳሰጣው፣ የበግ ጠጉሩ ሽታ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ወሰደኝ። በደርግ ጊዜ ነው። ልጇ ታደሰ ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እሷ ለእሱ ባና የሚሆን ጠጉር ትፈትላለች፤ እኔ አጠገቧ ለማትሪክ እንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አጠናለሁ።

«ጊቭ አፕ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ተስፋ መቁረጥ። ለምሳሌ፣ እናትየዋ ተስፋ ቆረጠች።»

እንዝርቷን አቆመች። «እሱን እዚያው ትምህርት ቤትሽ አጥኚው። ሌላ አምጪ።»

«ከም ባክ፤ ተመልሶ መምጣት።»

«በታደሰ አድርጊና በይው።»

«ታደሰ ዊል ከም ባክ።»

«ጎሽ! ድገሚው።»

ባናው ተሠርቶ አለቀ፤ ታደሰ አልመጣም። አክስቴ ልታርፍ ስትል «ሲመጣ አልብሺው» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

አሁን ባናውን አራግፌ ሳጥፈው፣ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ጮክ ብዬ ደገምኩት።