ማርሊስ ለብሬንት ያስቀመጠችው ውርወራ

የካናዳዋ ዊኒፔግ ነፋስ አርፎ አያውቅም። ባለፈው በጋ፣ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ ዲስክ እየተቀባበሉ በሜዳው ጫፍ ሲቀልቡት ግብ በሚሆንበት ጨዋታ ለዋንጫ ሲጋጠሙ፣ ማርሊስ ፍሪዘን ዲስኩን ወደ ነፋሱ አርቃ ወረወረችው። ዲስኩ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ወጣ ወጣና ተመልሶ ከኋላዋ ወደቀ። ተጋጣሚዎቹ አንስተው አገቡ፤ ዋንጫውም በዚያው ሄደ።

ማታውን ቋሊማው እየተጠበሰ፣ የቡድኑ አለቃ ብሬንት ሁሉም በተሰበሰበበት፣ "ማርሊስዬ፣ አንቺ አውቶቡስሽን ንጂ። እሱ እንኳ ወደ ፊት ይሄዳል" አላት። ሳቁ። እሷም ጥርሷን አሳየች። ከቡድኑ መውጣቷን ግን ማንም አልነገራትም፤ ማሊያዋን ሌላ ሴት ለብሳው አየች።

ማርሊስ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ተሳፋሪ ሲሰድባት "መልካም ቀን" ብላ የምታወርድ። ይህችን ግን በሆዷ ያዘቻት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከወንዙ ማዶ የምትኖር ጆስሊን የምትባል ተጫዋች በራሷ ቡድን ተቀበለቻት። በበረዶው ወራት ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ታስተምራት ጀመር።

"ክንድሽን ተይው" ትላታለች ጆስሊን፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ። "ጉልበቱ ከዳሌ ነው የሚመጣው። ዳሌሽ ይቅደም፣ ክንድሽ ይከተል። መጨረሻ ላይ የእጅሽ አንጓ ቀጭ ይበል፤ ዲስኩ ካልተሽከረከረ ነፋስ ይጫወትበታል።"

"እሺ።"

"የፊቱን ጠርዝ ደግሞ ዝቅ አድርጊ፤ ሰማይ ካየ ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። ምን እንዲህ ታንቂዋለሽ? አንገት መሰለሽ እንዴ?"

"የብሬንት ነው።"

"እንግዲያው ላላ አድርገሽ እነቂው።"

በረዶው ቀልጦ ሳሩ ብቅ ሲል ዲስኩ ነፋሱን ሰንጥቆ ከሜዳው ጫፍ ጫፍ ይደርስ ጀመር። ማርሊስ ግን በጨዋታ ላይ አንድም ቀን አርቃ አልወረወረችም። ቅርብ ቅርቡን ብቻ ስታቀብል፣ ሊያሸንፉት የሚችሉትን ጨዋታ ተሸነፉ።

"ምን ነክቶሽ ነው?" አለች ጆስሊን ተቆጥታ።

"ለእሱ ነው ያስቀመጥኩት።"

ቀኑ ደረሰ። ከብሬንት ቡድን ጋር እኩል ናቸው፤ አሁን ያገባ ያሸንፋል። ዲስኩ ማርሊስ እጅ ነው፤ ነፋሱ ፊቷን ይገርፋታል። ብሬንት ፊት ለፊቷ ቆሞ እንደ ደንቡ ይቆጥራል፤ አሥር ሳይል መወርወር አለባት።

"አንድ... ሩቁን ተዉት፣ ወደዚህ ቅረቡ፤ እሷን አውቃታለሁ... ሁለት... አውቶቡሱ ዘገየሳ... ሦስት..."

ጓደኞቹ ተጠጉ። ጆስሊን ሽው ብላ ወደ ሜዳው ጫፍ ሮጠች። ማርሊስ በዳሌዋ ዞራ ለቀቀችው። ዲስኩ ዝቅ ብሎ፣ ነፋሱን እየላጨ ሄዶ ጆስሊን እጅ ገባ።

"የተከለችው እግር ተነቃንቋል" አለ ብሬንት።

በዚህ ጨዋታ ዳኛ የለም፤ የሚፈርደው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ወርዋሪ አንድ እግሩን ተክሎ መቆም አለበት፤ ተጋጣሚ "ተነቃንቋል" ካለ ዲስኩ ወደ ወርዋሪው ይመለሳል። ስለዚህም በሐሰት ጥፋት መጥራት ከመሸነፍ የከፋ ነውር ነው። የገዛ ጓደኞቹ ሳር ሳሩን አዩ። ጆስሊን ልትሟገት እየሮጠች ስትመጣ ማርሊስ "ተይው፣ ይመለስ" አለቻት።

አሁን ሁሉም ነቅቷል። ሁለት ሰው ጆስሊንን ከበባት። ማርሊስ ያንኑ ውርወራ በዚያው አቅጣጫ ደገመችው፤ ግን አራቀችው። ሁለቱ ዘለሉ፤ ዲስኩ ከጣቶቻቸው በላይ አልፎ፣ ከኋላቸው አምልጣ የወጣችው ጆስሊን ያዘችው። ጥፋት ብሎ የጠራ ሰው አልነበረም፤ አሸነፉ።

ጨዋታ ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ክብ ይሠራሉ፤ ለተጋጣሚ ደግ ቃል ይባላል። ማርሊስ ዞራ ሄዳ ብሬንት አጠገብ ገባች፤ ክንዷን ትከሻው ላይ ጣለች።

"ግሩም ውርወራ ነበር" አለ እሱ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

"የትኛው?"

ብሬንት በጫማው ጫፍ ሳሩን ቆፈረ።

"መቼም ዳኛ የለንም፤ ካንተው እንስማ። በመጀመሪያው ላይ እግሬ ተነቃንቆ ነበር?"

ብሬንት ትከሻውን ሊያስለቅቅ ሞከረ፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም።

"አልተነቃነቀም" አለ በቀጭን ድምፅ።

ቃሉ ጣፈጣት። አንዴ ብቻ መቅመሱ ግን አልበቃትም።

"ጆስሊን አልሰማችም፣ ብሬንትዬ" አለችው። "ቀና ብለህ ድገመው።"